ተጠርጎ የወጣ ድምፅ

አባቷ ሲገደል የብርጓል ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ወንዛዬ፣ ከፍል ውሃው ወዲያ ማዶ፣ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ነው። ዳሱ ሞልቷል፣ ከበሮው ይደለቃል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ወንዶቹ ደጅ ወጥተው ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። የደስታ ጥይት ነውና ማንም ቀና ብሎ አላየም። ከነዚያ ጥይቶች አንዷ ግን ወደ ሰማይ አልሄደችም። በድንበር የተጣላ ጎረቤት ከግራር ሥር ሆኖ አነጣጥሮ የተኮሳት ናት። አባቷን አንገቱ ላይ አገኘችው። ትንሿ ልጅ ትኩስ ነገር ግንባሯ ላይ ሲወርድ ጠላ የፈሰሰባት መስሏት ወደ ላይ አየች። ከዚያ ጮኸች።

የሰማት የለም። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ጥይቱ ይንጣጣል። አባቷ በእጁ አንገቱን ይዞ አንድ ነገር ሊናገር ሞከረ፤ ደም እንጂ ቃል አልወጣውም። ወደ ጎን ሲንጋለል አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ይኸ ደግሞ ከወዲሁ ሰከረ» ብሎ ሳቀ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሬሳው ከሠርገኛው ጋር ተቀምጦ ቆየ። ገዳዩ ጫጫታውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ሄደ።

ልጅቱን ያን ቀን ያደረባት ነገር ከዚያ ወዲያ አልለቀቃትም። ጫጫታ ማለት ለእሷ ነፍሰ ገዳይ የሚደበቅበት ጫካ ሆነ።

እናቷ በሬዎቹን ሸጣ፣ ልጇን አዝላ ባሕር ዳር ገባች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አገኘች። ማሽን ሲጮህባት ውላ የምትመለስ ሴት ቤት ገብታም ቀስ ብሎ መናገር አይሆንላትም። ጨው አቀብዪኝ ስትል ጎረቤት ጠብ የተነሣ ይመስለው ነበር። የብርጓል ግን ሐይቁ ዳር ሄዳ ደንገሉ መሃል መቀመጥ ትወዳለች። እዚያ ውሃው ጭቃውን ሲልስ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። አንድ ቀን አብሯት የሚማር ልጅ ከኋላዋ መጥቶ ፌስታል ነፍቶ ጆሮዋ ሥር አፈነዳባት። ደረቱ ላይ ወጥታ በድንጋይ የፊት ጥርሶቹን አረገፈቻቸው። መምህሩ ጎትተው ሲያነሷት እጇ ደም በደም ሆኖ «ዝም በል በሉት» ትል ነበር፤ ልጁ ዝም ካለ ቆይቷል።

ስታድግ ፎቶ ቤት ተቀጠረች። ከፎቶ ወደ ቪዲዮ፣ ከካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች፤ እዚያ ቦታዋን አገኘች። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ከመለዋወጫ መደብር በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ግድግዳውን በስፖንጅ ፍራሽ ለበጠችው። ታች ባጃጁ ሲያጓራ ይውላል፤ እላይ እሷ ዘንድ ግን ሰው የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። ሠርግ ቢሉ፣ ክርስትና ቢሉ፣ ተዝካር ቢሉ፣ ከየብርጓል እጅ የወጣ ቪዲዮ ድምፁ እንደ ተነጠረ ቅቤ ነው ይባልላታል።

አሠራሯ አንድ ነው። ከተቀረጸው ውስጥ ጫጫታው ብቻ ያለበትን ቦታ ትፈልግና ለፕሮግራሙ «ቆሻሻ ማለት ይህ ነው» ብላ ታሳየዋለች። ፕሮግራሙ ያንን የመሰለውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠርጎ ያወጣል፤ ከሥር የተቀበረውን የሰው ቃል ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ይህን የምትሠራው ከሁሉ በፊት ነው። ሳይጸዳ አትቆርጥም፣ ሳይጸዳ አትገጥምም።

አብሯት የሚሠራው ካሜራ ማን ምናሴ በዚህ ነገር አይስማማም። ግዙፍ ሰው ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል።

«መጀመሪያ ቁረጪ» ይላታል። «ከዚያ የቀረውን አጽጂ። የሚጣለውን ምን ያሳጥብሻል?»

«ቆሻሻ እየሰማሁ መቁረጥ አልችልም።»

«አንቺ እኮ ለቅሶ ቢሰጡሽ ለቅሶውን አጥፍተሽ ሬሳውን ብቻ የምታስረክቢ ሰው ነሽ።»

«ሬሳው ምን አለኝ? ዝም ያለ ደንበኛ።»

ይሣሣቁና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ክርክሩ ሰው ያስወጋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ከሐሙሲት ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ ግሩም የሚባል ጎልማሳ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ በመጥረቢያ ተገደለ። መጀመሪያ ትከሻውን ተመታ። ሲሸሽ ጀርባውን ተመታ። ቦዩ ውስጥ ከወደቀ በኋላም ተመታ። ውሃው ቀልቶ እስከ ታች ማሳ ስለ ወረደ የታች ሰዎች ላይኞቹ በሬ የጣሉ መሰላቸው። ገዳዩ ወህኒ ቢገባም ነገሩ አልበረደም። የገዳዩ አባት የአያ ሣህሉ ክምር ተቃጠለ፤ በሬያቸው ቋንጃው ተቆርጦ ተገኘ። ከሟች ወገን ደግሞ አንዱ ከገበያ ሲመለስ ታፍኖ ተደበደበና እግሩ ተሰበረ። ሽማግሌዎችና መምሬ መርስዔ ኀዘን ለምነው፣ ገዝተው፣ በስንት ድካም ሁለቱን ወገን ለዕርቅ አበቁ። ዕርቁ በቪዲዮ ይቀረጽ ተባለ፤ ነገ ማንም አልማልሁም እንዳይል።

የብርጓልና ምናሴ ሄዱ። ማይኩን መምሬ ካባ ላይ አደረጉት። አያ ሣህሉ፣ ያን ያህል ዕድሜ የደረሱ ሰው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከሟች ወንድም ከክንዱ ፊት ጎንበስ አሉ። ክርናቸውን የደገፈው ሁለተኛው ልጃቸው መልካሙ ነው። ክንዱ ድንጋዩን ካነሣላቸው ደም ደረቀ ማለት ነው። እሱ ግን እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። መንጋጋው ይርገበገባል። ከየጋቢው ሥር ጣቶች ወደ መሣሪያ ምላጭ ሲሄዱ ያየ አይቷል።

በዚህ መሃል እልልታ ተነሣ። ያነሣችው እናትዓለም ናት፣ የሟችና የክንዱ እናት። ግሩም ከሞተ ወዲህ እንኳን እልል ልትል ከደጇ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ሌሎቹ ሴቶች ደንግጠው ተከተሏት፤ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ክንዱ እናቱን አየ፣ ከዚያ ድንጋዩን ከሽማግሌው ማጅራት አንሥቶ ወረወረው። መምሬ የሚያነቡት ግዝት በጩኸቱ ውስጥ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ።

የብርጓል ፋሲሎ ተመልሳ ይህን ስትሰማ ያዘነችው ለግዝቱ ነው። የዕርቁ ዋና ቃል ሊሰማ አልቻለም። ምናሴም ሰው ገፍቶት ስለ ነበር እዚያ ቦታ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ጋ የሚረባ ሥዕል የለኝም» አላት። «እቆርጠዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹን እተካበታለሁ። ድምፁን ተይው።»

«ግዝቱማ መሰማት አለበት።»

እልልታውን መረጠችና ለፕሮግራሙ ቆሻሻ ይህ ነው አለችው። እልልታው እንደ ጉም ተነሣ፤ የመምሬ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ከመምሬ ቃል ሥር ደግሞ የሚያጉተመትም ሰው ነበር። ፕሮግራሙ እሱንም ከፍ አድርጎት ነበር። የብርጓል ሰምታዋለች፤ አላዳመጠችውም። ይህን ሥራ ብዙ ዘመን የሠራ ጆሮ የሚያሳድደው ሽውታና ግርግር ነው፤ ቃሉን ማድመጥ ይረሳል። አሜን የሚል ሰው መስሏት አለፈችው። ክንዱ ድንጋዩን ያነሣሁበትን ብቻ ላኩልኝ እያለ ይደውል ስለ ነበር፣ ገና ሳይቆረጥ ያን ቁራጭ በቴሌግራም ላከችለት። ጥራቱን እንዲያይላትም ፈልጋለች።

ክንዱ ሐሙሲት ሻይ ቤት ተቀምጦ በኢርፎን ሰማው። ከመምሬ ግዝት ሥር የመልካሙ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሙ እንደ ፍየል እየጮኸ ነው የሞተው። ይኸም ያው ዘሩ ነው።»

መልሶ ሰማው። ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠ። ገበያ ነው፤ መልካሙ ከበርበሬ ተራው ጋ ቆሞ ይከራከራል። ክንዱ ከልኳንዳው ጠረጴዛ ቢላ አነሣና በሰው መሃል እየተራመደ ሄደ። አልሮጠም። «ፍየል እንዴት ነው የሚጮኸው?» አለው። መልካሙ ዞር ሲል ከጆሮው ግንድ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ተለተለው። ጉንጩ ተከፍቶ ጥርሱ በጎን ታየ። በበርበሬው ማዳበሪያ ላይ በፊቱ ተደፋ። ያን ጊዜ የጮኸውን ጩኸት የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያወሩት ጆሯቸውን ይይዛሉ። የመልካሙ ዘመዶች ዱላ መዘዙ፤ ክንዱ አንዱን ጎኑን ወጋው፣ ራሱን ተፈነከተ፣ ደሙን እያዘራ ሾልኮ አመለጠ።

መምሬ ደወሉ። የብርጓል ናት ያነሣችው።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የሰደድሽለት?»

«የዕርቁን ነው አባ። የእርስዎን ቃል ነው።»

«የእኔ ቃል ሰው አያሳርድም። መልካሙ ተለትሏል። ክንዱ ቤቱ ገብቶ የወንድሙን ሽጉጥ አንሥቶ በሚኒባስ ወደናንተ መጥቷል። እናቱ በኋላው ተሳፍራለች። ዘግታችሁ ውጡ።»

ምናሴ ቁራጩን ከፈተው። ሁለቱም ያን ጊዜ ነው ያደመጡት።

«እቆርጠዋለሁ ብዬሽ ነበር» አለ ምናሴ ቀስ ብሎ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የበለጠ ያመማት። «ተነሽ በይ፣ እንሂድ።»

«ቆይ። አንዴ ቆይ።»

ይህ ፕሮግራም አንድ ጠባይ አለው። የጸዳውን ትቶ፣ ተጠርጎ የወጣውን ብቻ ያሰማል። ጎበዝ ሠራተኛ ከቆሻሻው ጋር ደህናው እንዳይጣል በዚያ ይፈትሻል። የብርጓልም ፊት ፊት ትፈትሽ ነበር፤ ስሟ ሲወጣ ተወችው። አሁን ጣቷን ወደዚያ ልትሰድ ስትል በሩ በርግጫ ተከፈተ።

የክንዱ ሸሚዝ በደረቀ ደም ቆሞ ቀርቷል። ሽጉጡ እጁ ላይ ነው።

«ሙሉውን ስጭኝ። በፍላሽ።»

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ያጎቶቼ ልጆች ቁራጩን አላመኑም፤ ዕርቅ አፍራሽ አሉኝ፣ ተፉብኝ። ይስሙት። ሰምተው አብረውኝ ይነሡ። ዛሬ የሣህሉ ቤት ከነሰዉ ይነዳል።»

ምናሴ እጁን ዘርግቶ መሃላቸው ገባ። «ወንድምዓለም፣ ቁጭ በል እስኪ፣ ውሃ...» አልጨረሰም። በሽጉጡ አፍንጫውን አለው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ስፖንጁ በዋጠው ክፍል ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማ። ያ ግዙፍ ሰው ተንበረከከ። ክንዱ ዞሮ የብርጓልን በጥፊ አፏ ላይ መታት። ጥርሷ ቁልፎቹ ላይ ወደቀ። አየችው፤ ያን በልጅነቷ ፌስታል ያፈነዳባትን ልጅ አስታወሰች፣ ለምን እንደ ሆነ እንጃ።

«ሙሉውን» አለ።

«እሰጥሃለሁ» አለች ደሙን እየዋጠች። «ብትገድለኝም እዚያው አለ፣ ታገኘዋለህ። ግን የሰማኸው ግማሹን ነው። እኔ ያወጣሁትንም ስማ።»

ቁልፉን ነካችው።

የመምሬ ድምፅ የለም። የመልካሙ የለም። ከጉድጓድ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ እልልታ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሻካራ፣ ከመነሻው የተሰነጠቀ፣ ማልቀስም እልል ማለትም የማይሆንለት ድምፅ። ሌሎቹ ኋላ ናቸው የገቡት።

ክንዱ አንገቱን አዘነበለ። «ይህ...»

«እናትህ ናት።»

«እንደ ገና።»

መለሰችው። በጣቷ የኮምፒውተሩን መስታወት እየነካች አሳየችው። «እዚች ላይ መልካሙ አፉን ከፈተ። እዚች ላይ እናትህ ጀመረች። ወንድሙ ከሚለው በኋላ ያለውን ማንም አልሰማም። አንተ ከሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመህ አልሰማህም።»

«እሷ ሰምታዋለች።»

«ሰምታዋለች።»

«ልጄ እንደ ፍየል ሞተ ሲባል ሰምታ እልል አለች?»

ሽጉጡን አነሣ። ምናሴ መሬት ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ። ክንዱ ግን የተኮሰው መስታወቱን ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጥይቱ እስኪያልቅ። ስብርባሪው ፊታቸው ላይ ተረጨ፣ ክፍሉ በጢስ ታፈነ። ሥዕሉ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ነበርና ድምፁ አልቆመም። ያን አንድ ቦታ እየደጋገመ እንዲያሰማ አድርጋው ነበር። እናትዓለም እልል ትላለች፤ ታበቃለች፤ እንደ ገና ትነሣለች። ክንዱ ባዶውን ሽጉጥ ይዞ፣ ስብርባሪው ላይ ቁጭ አለ። ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሽጉጡን ሳይለቅ ነው የያዘው።

እናቱ በደረጃው ስትወጣ የሰማችው የገዛ ራሷን ድምፅ ነው። በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች፤ ደሙን፣ ጥርሱን፣ ልጇን።

«ተነሥ ከዚያ» አለችው። «ይቆርጥሃል።»

«ሰምተሽው ነበር፣ እማ?»

«አጠገቡ አልነበርሁም? ሰማሁ እንጂ።»

«እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልሁትም። ዋጥሁት። አንዱን ቀበርሁ፤ ሁለተኛውን እዚያው ሜዳ ላይ ልቅበር? ወንዱ ሁሉ እጁ ምላጭ ላይ ነበር። ሌላ ነገር በእጄ አልነበረኝም።» ሽጉጡን ከጣቱ አላቃ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፤ ጨው እንደምትቋጥር አድርጋ። «አሁን አንተ መልሰህ አስተፋኸኝ።»

ከዚያ ወደ የብርጓል ዞረች። በነጠላዋ ጫፍ አገጯን ጠረገችላት፤ ነጠላው ቀላ።

«አንቺ ነሽ እልልታዬን ያወጣሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ጫጫታ መስሎኝ ነው፣ እማማ።»

እናትዓለም የቀላውን ነጠላ መልሳ አጣፋች። «በይ መልሺው» አለች።

ክንዱ ከእናቱ ጋር በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። መልካሙና የተወጋው ዘመዱ ተረፉ። የመልካሙን ጉንጭ ሰፉለት፤ አፉ ግን ወደ ጎን ተጎትቶ ቀረ፤ ውሃ ሲጠጣ በዚያ በኩል ይፈስበታል። አያ ሣህሉ የልጃቸውን ቃል ከራሱ አፍ አውጣጥተው ከሰሙ በኋላ ቤታቸውን ሊበላ የነበረው እሳት ለምን እንደ ቀረ ገባቸው። ልጃቸው ገና ፋሻው ሳይፈታ ድንጋዩን ራሱ እንዲሸከም አዘዙት።

የብርጓል በሰንበቱ እናቷ ዘንድ ሄዳ አፏን በሞቀ የጨው ውሃ ስትጉመጠመጥ ቆየችና ጠየቀቻት።

«እማ፣ ያን ቀን፣ አባባ ሲወድቅ፣ እልል ስትሉ የነበራችሁት... አይታችሁ ነበር?»

እናቷ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አላየንም፣ ልጄ። ሠርግ ላይ ነበርን። እኔ ራሴ እልል እል ነበር። አላየሁም።»

የብርጓል ውሃውን ተፋች። ያኛው እልልታ ምንም የሚያድን ነገር አልነበረበትም። ባዶ ጫጫታ ነበር፤ አባቷን የበላ ጫጫታ።

በማግስቱ ምናሴ አፍንጫው በፋሻ ታሽጎ መጣ። አዲስ መስታወት ተከሉ። የጸዳውን አጥፍታ ያልተነካውን ቅጂ አመጣች። እሱ መጀመሪያ ቆረጠ፤ እሷ ኋላ አጸዳች። ነፋሱን፣ የማይኩን ሽውታ፣ የመኪናውን ጥሩምባ አወጣች፤ ከእያንዳንዱ በኋላ የወጣውን ለብቻው ሰማች። ከድንጋዩ ቦታ ስትደርስ እጇን አነሣች። የሚንቀጠቀጠውም ሥዕል እንዲቀር ፈለገች፤ ምናሴ «ስሜን ልታጠፊ ነው» አለ በታፈነ አፍንጫው፣ ግን አልቆረጠውም።

ሁለተኛው ዕርቅ ሲሆን ቪዲዮው በአያ ሣህሉ ግቢ በጄኔሬተር ታየ። ሁለቱ ወገን በግራና በቀኝ ተቀመጠ። ክንዱ ወህኒ ነው፤ በእሱ ቦታ እናቱ ተቀምጣለች። የመምሬ ግዝት ሲጀምር መልካሙ አገጩን ወደ ደረቱ ሰደደ። ቀጥሎ ያቺ ሻካራ እልልታ ተነሣች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ ግዝቱም ሌላውም ቃል ሁሉ በውስጧ ጠፋ።

ማንም ሌላ ነገር አልሰማም። መልካሙ ብቻ በመዳፉ የተሰፋ ጉንጩን ሸፍኖ፣ እልልታው እስኪያበቃ ድረስ ቀና አላለም።